ዋታሙ ላይ የዓሣ ማጥመጃ ጀልባ ሲከራዩ

ከአዲስ አበባ ወደ ሞምባሳ ቀጥታ በረራ አለ። ከሞምባሳ ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ከተጓዙ ዋታሙ ይደርሳሉ፤ ከማሊንዲ በስተደቡብ ያለች፣ ነጭ አሸዋ የተነጠፈላት ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ ናት። ፊት ለፊቷ ያለው የሕንድ ውቅያኖስ በትልልቅ ዓሦቹ ስሙ የገነነ ነው። ደራሲው ኧርነስት ሄሚንግዌይ እ.ኤ.አ. በ1934 እስከ ማሊንዲ መጥቶ አጥምዷል። ሴይልፊሽ፣ ጥቁር ማርሊን፣ ሰማያዊ ማርሊን፣ ባለ መስመር ማርሊንና ሰይፍ ዓሣ፣ አምስቱም በአንድ ባሕር የሚገኙበት እንዲህ ያለ ቦታ በዓለም ላይ ጥቂት ነው።

ሐዋሳ ላይ ቆሮሶ፣ ጫሞ ላይ ናይል ፐርች ሲያጠምዱ የኖሩ አንባቢዎች ወደ ባሕር ሲወጡ የሚያስቸግራቸው የዓሣው መጠን አይደለም። የሚከብዳቸው ኪራዩ ነው። አብዛኛው ሰው የጀልባ ፎቶ አይቶ፣ ዋጋ አወዳድሮ ቀብድ ይልካል። እኔ ግን ሰው ከጀልባው በፊት ካፒቴኑን ይምረጥ እላለሁ። ዓሣው ያለበትን የሚያውቀው፣ ነፋሱ ሲለወጥ ጊዜ ሳያባክን የሚመልስዎት፣ መንጠቆ የያዘውን ማርሊን በሕይወት የሚለቀው ወይም የሚገድለው እሱ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ ከእሱ ጋር ምን ተነጋግረውና ምን አጽፈው ገንዘብ እንደሚሰጡ ለማሳየት ነው።

መጀመሪያ ወሩን ይምረጡ

በዚህ ባሕር ዓመቱን የሚከፍሉት ሁለት ነፋሶች ናቸው። ካስካዚ ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ከኅዳር መጨረሻ እስከ መጋቢት ይቆያል፤ ባሕሩም ያን ጊዜ ሞቅ ያለና በአብዛኛው ገራም ነው። ኩሲ ከደቡብ ምሥራቅ ይመጣል፤ ከሚያዝያ ጀምሮ ዝናብና ከባድ ሞገድ ያስከትላል። ከሚያዝያ እስከ ሐምሌ ብዙዎቹ ጀልባዎች ከውኃ ወጥተው ይታደሳሉ። በእነዚያ ወራት በጣም የወረደ ዋጋ ከቀረበልዎት ምክንያቱ ይኸው ነው፤ ገንዘብዎን ለሌላ ወር ያቆዩት።

ከነሐሴ ወዲህ ባለ ቢጫ ክንፍ ቱና ይበዛል። ሴይልፊሽ ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ጥር፣ ማርሊን ደግሞ ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ተስፋ የሚጣልባቸው ናቸው። ከአውሮፓውያን ገና እስከ አዲስ ዓመታቸው ድረስ ከተማዋ በእንግዳ ትሞላለች፤ ጀልባም ሆነ ሆቴል ከወራት በፊት ካልተያዘ አይገኝም፤ ዋጋውም ይወጣል። ለኛ ሰው የተመቸው ከእኛ ገና እስከ ጥምቀት ያለው ጊዜ ነው። ግርግሩ ይበርዳል፣ ዓሣው ግን ገና አለ።

ቀኑን ሲነጋገሩ በፈረንጅ አቆጣጠር ይጻፉ። በሰዓት ጉዳይም ይጠንቀቁ። ስዋሂሊ ተናጋሪው እንደ እኛው ከንጋት ጀምሮ ነው የሚቆጥረው፤ ለእሱም ፀሐይ የምትወጣው በ12 ሰዓት ነው። ከእርስዎ ጋር በእንግሊዝኛ ሲነጋገር ግን ያንኑ ሰዓት ስድስት ይለዋል። ሁለታችሁም በየፊናችሁ ለማስተካከል ስትሞክሩ ስድስት ሰዓት መሳሳት ቀላል ነው። ስለዚህ መልእክቱ ላይ ከሰዓቱ አጠገብ «ፀሐይ ስትወጣ» ወይም «እኩለ ቀን ላይ» የሚል ቃል ይጨምሩ።

የጉዞው ዓይነት

ግማሽ ቀን ማለት አብዛኛውን ጊዜ አራት ወይም አምስት ሰዓት ሲሆን ከኮራሉ ዳርቻ ብዙም አይርቅም። ኪንግፊሽ፣ ባራኩዳና ትሬቫሊ የሚያዙት እዚያ ነው። ሙሉ ቀን ከንጋት እስከ ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ገደማ ይዘልቃል፤ ማርሊን የሚፈለግበት ጥልቅ ውኃም ይደርሳል። ሰይፍ ዓሣ የሚጠመደው ሌሊት ነው፤ ኖርዝ ኬንያ ባንክስ የሚባለው የባሕር ሥር ከፍታ ወዳለበት ወደ ሩቁ ባሕር ይወጣሉ፤ ለመድረስ ብቻ ሁለት ሰዓት ገደማ ሊወስድ ይችላል።

ከዚህ በፊት ባሕር ላይ ወጥተው የማያውቁ ከሆነ በግማሽ ቀን ይጀምሩ። ሆድዎ ሞገዱን እንዴት እንደሚቀበለው በአራት ሰዓት ውስጥ ያውቁታል። መሐል አንድ ቀን አርፈው ሙሉውን ቀን ይውጡ። የሌሊቱን ጉዞ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚወጣ ሰው ጨርሶ አልመክርም።

ዋጋው የሚነገረው በሰው ሳይሆን በጀልባ ነው። ስለዚህ ሦስት ወይም አራት ሆኖ መውጣት ወጪውን ይቀንሳል። ነገር ግን ትልቅ ዓሣ ሲይዝ መታገያው ወንበር ላይ የሚቀመጠው አንድ ሰው ብቻ ነው። ከወዳጆችዎ ጋር ተራውን ከመሬት ሳይነሡ ይነጋገሩ፤ በሰዓት ትቀያየሩ እንደሆነ ወይም ማርሊን የያዘ ሰው ተራውን ይጨርስ እንደሆነ ይወስኑ። ክሩ ሲፈተለክ፣ ሁሉም ሲጮህ፣ ማን ይቀመጥ የሚል ክርክር ዓሣውንም ወዳጅነቱንም ያስመልጣል። ከስድስት በላይ ከሆናችሁ ሁለት ጀልባ ተከራዩ።

ካፒቴኑን የሚጠይቁት

ባሕር ዳሩ ላይ ሲንሸራሸሩ «ጀልባ አለኝ» የሚሉ ወጣቶች ይጠጓችኋል። ብዙዎቹ ደላሎች ናቸው፤ ጀልባው የሌላ ሰው ነው። ደላላነት ነውር የለውም፤ ነገር ግን ገንዘቡን የሚቀበለው ሰውና መሪውን የሚይዘው ሰው የተለያዩ ከሆኑ፣ የተባለው ነገር ሲጎድል ማንን እንደሚጠይቁ አያውቁም። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ይሁን፦ በዚያን ቀን ካፒቴን የሚሆነው ማን ነው? ስሙን ይቀበሉ፤ ከእሱ ጋር በስልክ ካልሆነም በአካል ሳይነጋገሩ ቀብድ አይክፈሉ። ቀደም ብለው ከደረሱ ደግሞ ጀልባዎቹ ከባሕር የሚመለሱበትን ሰዓት ጠብቀው ይሂዱ። የተከራዩት ሰዎች ከጀልባው ሲወርዱ ያያሉ፤ ስለ ውሏቸውም ይጠይቋቸዋል። ከዚህ የተሻለ ምስክር የለም።

ቀጥለው ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን እንደወጣና ምን እንዳገኘ ይጠይቁት። ባዶ እጁን የተመለሰበትን ቀን ሳይደብቅ የሚነግርዎት ካፒቴን የሚታመን ነው። በየቀኑ ማርሊን እንደያዘ የሚነግርዎትን ግን ይለፉት፤ እንዲህ የሚሰጥ ባሕር የለም።

ከዚያ ወረቀቱን ይጠይቁ። በኬንያ የጀልባዎችን ደኅንነት የሚቆጣጠረው የኬንያ የባሕር ጉዳይ ባለሥልጣን ነው፤ ጀልባው የታደሰ የምርመራ ምስክር ወረቀት ሊኖረው ይገባል። የስፖርት ማጥመጃ ፈቃድም ያስፈልጋል። ይህን አብዛኛውን ጊዜ አከራዩ ራሱ ያወጣል፤ ቢሆንም በዋጋው ውስጥ መካተቱን ያረጋግጡ። ፈቃዱን ለማየት መጠየቅ አያሳፍርም። ሥራውን በሥርዓት የሚሠራ ሰው ፋይሉን ከፍቶ ያሳይዎታል።

ስለ ደኅንነት የሚጠይቁት ላይ አይቸኩሉ። የሕይወት ማዳኛ ጃኬቱ በሰው ቁጥር ልክ አለ ወይ? ልጅ ይዘው ከሆነ በልጁ ልክ የተሠራ አለ ወይ? ትልቅ ጃኬት ልጅን አያድንም፤ ውኃ ውስጥ በራሱ ላይ ያልፋል። ጀልባው ሁለት ሞተር አለው ወይ? አንዱ 40 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ቢቆም ሌላው ይመልስዎታል። የባሕር ሬዲዮው ይሠራል ወይ? ስልክ ከተወሰነ ርቀት በኋላ አይይዝም፤ የጭንቅ ጥሪ የሚተላለፈው በሬዲዮው 16ኛ ቻናል ነው። የእሳት ምልክት ማሳያ፣ የእሳት ማጥፊያና የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥን የት እንዳሉ ይዩ። «ይህ ሁሉ አያስፈልግም፣ እዚህ ባሕሩ ሰላም ነው» የሚል መልስ ከሰሙ አመስግነው ወደ ሌላው ይሂዱ።

መጸዳጃ ቤትና ጥላ ስለመኖሩም ይጠየቃል። በተለይ ሴቶች አብረው ካሉ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም፤ ዐሥር ሰዓት ባሕር ላይ ነው የሚቆዩት። ዋታሙ ከምድር ወገብ በስተደቡብ ሦስት ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነች ጥላ የሌለው ጀልባ ላይ እስከ እኩለ ቀን መቆየት ይከብዳል።

በመጨረሻም ማርሊንና ሴይልፊሽ ሲያዝ ምን እንደሚያደርግ ይጠይቁት። ከሁሉ በላይ ልቤ ያለው እዚህ ላይ ነው። እነዚህ ዓሦች ሰፊ ውቅያኖስ አቋርጠው የሚጓዙ ናቸው፤ የታወቁት የዋታሙ ካፒቴኖችም ምልክት አድርገው ይለቋቸዋል። መቀመጫውን ዋታሙ ያደረገው የአፍሪካ ቢልፊሽ ፋውንዴሽን ምልክቶቹን ያድላል፤ የተያዘበትን ቦታና የተገመተውን ክብደትም ይመዘግባል። ሳይንቲስቶች ስለ ዓሦቹ ጉዞ ብዙ ያወቁት ከዚህ ነው። ካፒቴኑ «ፎቶ እንድትነሡ እናወጣዋለን፣ ከዚያ እንለቀዋለን» ካለ ሌላ ካፒቴን ይፈልጉ። ማርሊን ከውኃ ወጥቶ በገዛ ክብደቱ ሲንጠለጠል የውስጥ አካሉ ይጎዳል፤ ተመልሶ ቢዋኝም መትረፉ ያጠራጥራል።

ቀብድና ውል

የቃል ስምምነት ለማንም አይበጅም። ረጅም ውል አያስፈልግም፤ በስልክ መልእክት የተጻፈ አንድ ገጽ ይበቃል። የጀልባው ስም፣ የካፒቴኑ ስም፣ ቀኑ፣ መነሻና መመለሻ ሰዓቱ፣ የሰው ብዛት፣ ጠቅላላ ዋጋውና የገንዘቡ ዓይነት ይጻፍበት። ዶላር ነው ወይስ የኬንያ ሽልንግ? በዶላር ተነጋግረው በሽልንግ የሚከፍሉ ከሆነ ምንዛሪው የየትኛው ቀን እንደሆነ አብሮ ይጻፍ።

ቀጥሎ ዋጋው ምን እንደሚጨምር በስም በስሙ ይዘርዝሩ። ናፍጣ፣ ዘንግና ክር፣ መንጠቆ፣ ማባበያ፣ ፈቃድ፣ ውኃ፣ ምሳ፣ ከሆቴል መመላለሻ። ናፍጣው ላይ አጥብቀው ይጠይቁ። ዋጋው ቅርብ ለሚጠመድበት ብቻ ሆኖ ወደ ሩቁ ባሕር ሲወጡ ጭማሪ የሚጠይቁ አሉ። የተቆረጠ ማባበያ ወይም የተሰበረ ዘንግ ማን እንደሚከፍልም ይጻፍ። በወጉ ማጥመጃው ሲበላሽ የባለጀልባው ነው፤ በቸልተኝነት ባሕር ውስጥ የጣሉት ዘንግ ግን የእርስዎ ዕዳ ይሆናል።

የአየር ሁኔታ አንቀጽ ሳይኖር ቀብድ አይላክ። ካፒቴኑ አየሩ አያስወጣም ካለ ገንዘቡ ይመለሳል ወይስ ቀኑ ይቀየራል? እርስዎ ራስዎ ቢቀሩስ? መሐል ላይ ሞተር ቢበላሽ የቀረው ሰዓት እንዴት ይታሰባል? ሦስቱም መልስ ይኑራቸው። መውጣት አለመውጣትን የሚወስነው ግን ካፒቴኑ ብቻ ነው፤ እርስዎ እንዲወጣ አይገፋፉት። ነገ አውሮፕላን አለብኝ ብሎ የሚለምን እንግዳ ካፒቴንን ወደ መጥፎ ውሳኔ ይመራል። ለዚህም ነው የማጥመጃውን ቀን ከመመለሻ በረራው ዋዜማ ላይ እንዳያደርጉ የምመክረው፤ ሁለት ወይም ሦስት ቀን ትርፍ ይኑርዎት።

ሌላው ሰው የማይጠይቀው ጉዳይ፣ የተያዘው ዓሣ የማን ነው የሚለው ነው። በኬንያ ባሕር ዳርቻ በብዙ ጀልባዎች ዘንድ ቱናም ሆነ ኪንግፊሽ የጀልባው ንብረት ነው፤ ተከራዩ ለእራቱ የሚሆን ቁራጭ ያገኛል። ልማዱን ሳያውቁ ወደብ ላይ መጣላት አሳፋሪ ነው። ምን ያህል እንደሚደርስዎት አስቀድመው ይስማሙ፤ ብዙ ሆቴሎች ዓሣውን ሠርተው ያቀርቡልዎታል።

ቀብዱን ሲከፍሉ ጠቅላላውን አይክፈሉ፤ የተወሰነ ድርሻ ሰጥተው ደረሰኝ ይቀበሉ። የቀረው ጀልባው ጋ ሲደርሱ ወይም ሲመለሱ ይከፈላል።

ከመነሣትዎ በፊት

ኬንያ ለመግባት ከኢትዮጵያ የሚነሣ መንገደኛ የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ይጠየቃል። የመግቢያ ፈቃድ ደንቡ በየጊዜው ስለሚቀየር ከመብረርዎ በፊት በኬንያ መንግሥት በኩል ያጣሩ። የባሕር ዳሩ የወባ አካባቢ ነው፤ አዲስ አበባ የኖረ ሰው ሐኪም ያማክር። ዶክሲሳይክሊን ከታዘዘልዎት ቆዳን ለፀሐይ እንደሚያጋልጥ ይወቁ፤ ቀኑን ሙሉ በምድር ወገብ ፀሐይ ሥር የሚውል ሰው ስለዚህ ለሐኪሙ መንገር አለበት። የፕላስቲክ ከረጢት ይዘው አይግቡ፤ ኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ከልክላለች። ዕቃዎን በጨርቅ ወይም ውኃ በማያስገባ ቦርሳ ይያዙ።

የባሕር ማጥወልወል መድኃኒት ማታ ከመተኛትዎ በፊት ይወሰድ፣ ጠዋትም ይደገም። ማቅለሽለሹ ከጀመረ በኋላ ቢወስዱት ብዙም አይረዳም። ሌሊቱን አይጠጡ። ጠዋት ባዶ ሆድ ሆነው መውጣት ይሻላል የሚሉ ተሳስተዋል፤ ቅባት የሌለው ቀለል ያለ ቁርስ ይብሉ፣ ዳቦና ሙዝ ይበቃል። እጅጌ ያለው ቀጭን ሸሚዝ፣ ማሰሪያ ያለው ባርኔጣ፣ የውኃውን ነጸብራቅ የሚቀንስ የፀሐይ መነጽርና የጀልባውን ወለል የማያቆሽሽ ጫማ ይያዙ።

ጀልባዎቹ ብዙ ጊዜ ባሕሩ ላይ መልህቅ ጥለው ስለሚቆሙ በትንሽ ጀልባ ነው የሚደርሱባቸው። ዋታሙ ላይ የባሕሩ ከፍታና ዝቅታ ልዩነት እስከ ሦስት ሜትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ውኃው በሸሸ ጊዜ እስከ ጉልበት ውኃ ውስጥ መራመድ ይኖርብዎታል፤ አቅመ ደካማ ሰው አብሮ ካለ ይህን ለካፒቴኑ አስቀድመው ይንገሩ።

ባሕሩ ላይ

ከመነሣቱ በፊት ካፒቴኑ የደኅንነት ገለጻ ካላደረገ ይጠይቁት። ጀልባው መጀመሪያ የሚያልፈው የዋታሙን የባሕር ፓርክ አጠገብ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1968 ከማሊንዲው ጋር አብሮ የተመሠረተ ሲሆን ውስጡ ማጥመድ ክልክል ነው። ከኮራሉ ወጥተው ጥልቁ ላይ እስኪደርሱ ዘንግ አይወርድም፤ «እግረ መንገዳችንን እዚህ እንሞክር» ብለው አይጠይቁ።

ጥልቁ ላይ ሲደርሱ ረዳቶቹ በሁለቱም ጎን ረጃጅም ዘንጎችን ዘርግተው ማባበያዎቹን ይለቃሉ፤ ጀልባውም በዝግታ እየሄደ ይጎትታቸዋል። ይህ ሰዓታት ሊወስድ ይችላል። ዓይንዎን ከስልክ አንሥተው ወደ አድማስ ያድርጉ፤ ለሆድም ይበጃል። የባሕር ወፎች ተሰብስበው ውኃውን ሲመቱ ካዩ ለካፒቴኑ ይንገሩ፤ ከሥራቸው ቱና ሊኖር ይችላል።

ዓሣ ሲይዝ መንጠቆውን ማን እንደሚያስገባ አስቀድመው ይወስኑ። በዓለም አቀፉ የስፖርት ማጥመድ ማኅበር ደንብ መሠረት ለክብረ ወሰን የሚመዘገብ ዓሣ ከሆነ ዘንጉን ሌላ ሰው ሊነካው አይችልም፤ ዓሣው ከነከሰበት ጊዜ ጀምሮ ራስዎ ብቻ መያዝ አለብዎት። ለመዝናናት የወጡ ከሆነ ግን ረዳቱ መንጠቆውን አስገብቶ ዘንጉን ቢያቀብልዎት ነውር የለውም። ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ በክንድዎ ብቻ አይታገሉ፤ እግርዎን አጠንክረው ከወገብዎ ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ወደ ፊት ሲያጎነብሱ ክሩን ይጠቅልሉ። የክሩን ማጥበቂያ ካፒቴኑ ሳይል አይንኩት፤ በድንጋጤ ያጠበቁት መያዣ ክሩን ይበጥሰዋል። ዓሣው ሲዘል ዘንጉን ዝቅ ያድርጉ። ክሩን በእጅዎ አይጠምጥሙ፤ ጣት ይቆርጣል።

ማርሊን ወይም ሴይልፊሽ ጀልባው ጎን ሲደርስ ከጫፉ ይራቁ፤ ረጅሙ አፉ ስለታም ነው፣ ሲወራጭም አይታወቅም። ረዳቱ ዓሣውን ውኃ ውስጥ እንዳለ ይይዘዋል፣ ከላይኛው ክንፉ ሥር ምልክቱን ያስገባል፣ መንጠቆውን ይነቅላል ወይም ክሩን አፉ አጠገብ ይቆርጠዋል። ጀልባው በዝግታ ወደ ፊት ሲሄድ ውኃው በዓሣው ስንጥብ በኩል ያልፋል፤ ዓሣው ጉልበቱ እስኪመለስ አይለቀቅም። ፎቶ የሚነሣው በዚህ ሰዓት፣ ዓሣው ውኃ ውስጥ እንዳለ ነው። ትግሉ ረዝሞ ዓሣው ከደከመ ለፎቶ ብለው አያቆዩት።

ሲመለሱ

የምልክት ካርዱ ሲሞላ ስምዎና አድራሻዎ በትክክል መጻፉን ይዩ፤ ካርዱ ያልተሞላለት ምልክት ለምርምሩ አይጠቅምም። የቀረውን ሒሳብ በውሉ መሠረት ይክፈሉ። ያልተጻፈ ጭማሪ ከተጠየቁ መልእክቱን ከፍተው ያሳዩ፤ መጨቃጨቅ አያስፈልግም።

ለረዳቶቹ ጉርሻ መስጠት ልማድ ነው፤ የኪራዩ አንድ ዐሥረኛ ገደማ መልካም ነው ይባላል። ጉርሻውን ለባለቤቱ አይስጡ፤ ለረዳቶቹ በእጃቸው ያድርጉላቸው፤ ከሌሊቱ ዐሥር ሰዓት ተነሥተው ማባበያ ሲያስሩ የነበሩት እነሱ ናቸው። ኬንያውያን አብዛኛውን ክፍያቸውን የሚፈጽሙት በኤም-ፔሳ ስለሆነ የኬንያ ስልክ መሥመር የሌለው እንግዳ ሽልንግ በጥሬው ይዞ ቢወጣ ይሻላል፤ ገንዘቡን ከዋዜማው ይዘርዝሩት፤ ጀልባው ላይ መልስ አይገኝም።